በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ፤ የውድድሩ ሥርዓትና የተጋጣሚዎች ዳኝነት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ቅዳሜና እሑድ ብዙ ሰዎች በሰፊ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጠረጴዛ ግራና ቀኝ በመቆም፣ በእጃቸው የገጣጠሟቸውንና ቀለም የቀቧቸውን ትንንሽ የወታደር ምስሎች እያንቀሳቀሱ ጦርነት የሚገጥሙበት ልማድ አለ። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ተጋጣሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው የበሰለ፣ ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለአንድ ውድድር ጦራቸውን ለማሰናዳት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ከሩቅ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሌላ አገር፣ በገዛ ገንዘባቸው ተጉዘው ይመጣሉ፤ ሲያሸንፉም ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ሽልማት የመጡበትን ወጪ እንኳ የሚሸፍን አይደለም።

ስለ ባህል ለሚመረምር ሰው ይህ ልማድ አንድ ጥያቄ ያቀርብለታል። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛ አለ፤ በፍርድ ቤትም ከከሳሽና ከተከሳሽ ሌላ ሦስተኛ ሰው ይቀመጣል። በዚህ ጨዋታ ግን በየጠረጴዛው የሚቆም ዳኛ የለም። ርቀቱን የሚለኩት፣ ሕጉን የሚተረጕሙት፣ የሞተውንና የቆሰለውን የሚቈጥሩት፣ ለማሸነፍ የመጡት ሁለቱ ተቃዋሚዎች ራሳቸው ናቸው። ለመሆኑ ድልን የሚሻ ሰው ለተቃዋሚው እንዴት ዳኛ ሊሆን ይችላል? የውድድሩ ሥርዓት በብዙው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘረጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጨዋታው አመጣጥ

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ የመምሰል ሐሳብ በአውሮፓ ከቼዝ የተወለደ ነው። በ1780 በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ የቼዝን ሰሌዳ አስፍተው፣ ከሺህ የሚበልጡ አራት ማዕዘኖች ያሉት አደረጉት። ማዕዘኖቹም በቀለም እየተለዩ ተራራን፣ ረግረግን፣ ውሃንና የመሳሰለውን የመሬት ዓይነት እንዲያመለክቱ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባሉ የፕሩሲያ ባለሥልጣን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በሚያሳይ ጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ለንጉሡ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ አቀረቡ። የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጃቸውም የአባቱን ሥራ አሻሽሎ በ1824 አዲስ ደንብ አወጣ። ጨዋታውም በአንድ ለስምንት ሺህ መጠን በተሠራ ካርታ ላይ የሚደረግ ሆነ። በዚያው ዓመት የጠቅላይ ኤታ ማጆሩ አለቃ ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታው ሲካሄድ ከተመለከቱ በኋላ ለጦር ትምህርት ጠቃሚ መሆኑን ተረድተው በሠራዊቱ ዘንድ እንዲስፋፋ ደገፉት።

በፕሩሲያው ጨዋታ የዳኛው ሥልጣን እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛው ያቀርባሉ። ዳኛውም ማን የት እንደ ደረሰ፣ ማንስ ማንን ሊያይ እንደሚችል ይወስናል፤ ዕጣ ጥሎና ሰንጠረዥ ተመልክቶ የጉዳቱን መጠን ያስታውቃል። በ1876 ጄኔራል ፌርዲ ዱ ቬርንዋ የዳኛውን ሥልጣን ከዚህም አሳደጉት። እሳቸው ባወጡት ሐሳብ ዕጣውና ሰንጠረዡ ቀርቶ፣ ልምድ ያለው መኰንን በራሱ አስተያየት ብቻ እንዲፈርድ ተደረገ። ተጫዋቾቹ የዳኛው የበታች ወታደሮች ስለ ነበሩ ፍርዱን መቀበል ለእነርሱ አስቸጋሪ አልነበረም። የሠራዊቱ ማዕርግ ራሱ ክርክሩን ይቈርጠው ነበር።

ጨዋታው ከሠራዊት ወደ ሕዝብ በተላለፈ ጊዜ ግን ማዕርግ የሌላቸው ሰዎች እኩል ሆነው የሚጋጠሙበት ሆነ። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ስለ ትንንሽ ጦርነቶች ባሳተሙት መጽሐፍ ዳኛን የሚተካ ቀላል ዘዴ አቅርበዋል። በእርሳቸው ጨዋታ የእንጨት ጥይት የሚተኩስ የመጫወቻ መድፍ ስለ ነበረ፣ ተመትቶ የወደቀው ወታደር ሞተ ይባላል፤ ያልወደቀው ግን ሕያው ነው። ዓይን ያየውን ደግሞ ማንም ሊክደው አይችልም። ለእያንዳንዱ ተራም የጊዜ ገደብ ነበረው። ዌልስ በመጽሐፋቸው መጨረሻ ትንሹ ጦርነት ከታላቁ ጦርነት ምን ያህል እንደሚሻል ተከራክረዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታው እንደገና ተስፋፋ። በካሊፎርኒያ ጃክ ስክሩቢ የተባሉት የምስል ሠሪ በ1957 ለተጫዋቾች የሚሆን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በእንግሊዝ አገርም የዶናልድ ፌዘርስቶን መጽሐፍ በ1962 ታትሞ ብዙ ሰዎችን ወደ ጨዋታው ሳበ። በ1969 በዚያው በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የጦር ጨዋታ ምርምር ቡድን በጥንት ዘመን ጦርነቶች ላይ ያወጣው ደንብ ለውድድር መሠረት ሆኖ አገልግሏል። በ1975 በለንደን የተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ በ1983 ዋርሃመር የተባለውን፣ በ1987ም ስለ ሩቅ መጪ ዘመን የሚተርከውን ዋርሃመር 40,000 የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ይህ ኋለኛው ዛሬ ሰፊ ውድድር ከሚደረግባቸው የምስል ጨዋታዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የሚሰጠው መግለጫ በተለይ እርሱን፣ ይልቁንም በ2023 የወጣውን አሥረኛውን እትም የሚመለከት ነው።

ጦሩ የሚሰናዳበት መንገድ

ምስሎቹ በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ተያይዘው በክፍል በክፍል ይሸጣሉ። ባለቤቱ እያንዳንዱን ክፍል በመቍረጫ ቈርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣ በሙጫ ያያይዘዋል። ቀጥሎም መደብ ቀለም ያለብሰውና በቀጭን ብሩሽ ልብሱን፣ መሣሪያውን፣ ፊቱን ይቀባዋል። የአንድ ተራ ወታደር ምስል ቁመት ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንዱን ምስል በጥንቃቄ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቀለም ያልተቀባ ጦር ይዞ መምጣት እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ይህም ነውር በሕግ ላይ ተጽፎአል። በአንድ ግጥሚያ ሊገኝ ከሚችለው 100 ነጥብ ውስጥ 10 የሚሰጠው ጦሩ በሚገባ ቀለም ለተቀባለት ሰው ነውና። የቀረው 90 ነጥብ በጨዋታው የሚገኝ ነው።

እያንዳንዱ የጦር ክፍል እንደ ኀይሉ መጠን ዋጋ ተተምኖለታል። በተለመደው ውድድር አንድ ሰው ማሰለፍ የሚችለው የዋጋው ድምር ከ2,000 ነጥብ የማይበልጥ ጦር ነው። በዚህ ገደብ ውስጥ ጥቂት ብርቱዎችን ወይም ብዙ ደካሞችን መምረጥ ለባለጦሩ የተተወ ነው። የመረጠውን ዝርዝር ከውድድሩ ቀን አስቀድሞ ለአዘጋጆቹ ያስረክባል፤ ካስረከበም በኋላ መለወጥ አይፈቀድለትም። ዝርዝሩ ለተቃዋሚውም ግልጽ ነው። በፕሩሲያው ጨዋታ የጠላትን ጦር አለማወቅ ዋነኛው ፈተና ሲሆን፣ በዚህ ውድድር ግን ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። የሚደበቅ ነገር ካለ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋልና፣ ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ሁሉን ግልጽ ለማድረግ ይገደዳል።

ግጥሚያው የሚካሄድበት አኳኋን

የጨዋታው ጠረጴዛ 44 በ60 ኢንች፣ ማለት 112 በ152 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በላዩም የፈረሱ ሕንጻዎችና ግንቦች ይደረደራሉ። ግጥሚያው አምስት ዙር አለው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ በተራ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይተኩሳሉ፣ በጨበጣም ይዋጋሉ። ድል የሚገኘው ግን ጠላትን በመፍጀት ብቻ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የተመለከቱ ስፍራዎች አሉ። እነርሱን በየተራው የያዘና ሌላም የተሰጠውን ተግባር የፈጸመ ሰው ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ጦሩ ፈጽሞ ያለቀበት ሰው አስቀድሞ በሰበሰበው ነጥብ ሊያሸንፍ ይችላል። ለጀማሪ ይህ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ነባሮቹ ተጫዋቾች የሚሸነፉትን ለመግደል ሲሉ ስፍራውን የሚለቁትን ነው ይላሉ።

የውጊያው ውጤት የሚወሰነው ዳይስ በሚባለው፣ ስድስት ገጽ ባለው የዕጣ መጣያ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ክፍል 12 ጊዜ ተኰሰ እንበል። ለመምታት 3ና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ቢሆን፣ ከስድስቱ ገጾች አራቱ ይጠቅሙታልና በአማካይ 8ቱ ይመታሉ። የመሣሪያው ብርታትና የጠላቱ ጽናት እኩል ቢሆኑ ለማቍሰል 4ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ8ቱ 4ቱ ያቈስላሉ። በመጨረሻም ጠላቱ በጥሩሩ ለመዳን ራሱ ዳይስ ይጥላል። 3ና ከዚያ በላይ የሚያድነው ቢሆን ከሦስቱ ሁለቱን ያመልጣልና፣ ከ12ቱ ጥይት በአማካይ ጥፋት የሚያደርሰው ከአንድ ብዙም አይበልጥም። ብልኅ ተጫዋች ይህን ስሌት በልቡ ይዞ ዕድል ብትከዳው እንኳ የሚተርፍበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ዕድል በአንድ ውርወራ ትገዛለች፤ በአምስት ዙር በሚጣለው መቶና ከመቶ በላይ ዳይስ ግን የሥልት ድርሻ እየጎላ ይሄዳል።

በውድድር የመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚዎች ብዙውን ጊዜ በዕጣ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ያሸነፈው ካሸነፈው፣ የተሸነፈውም ከተሸነፈው ጋር ይገጥማል። ይህ የስዊስ ሥርዓት የሚባለው ነው። በዚህ ሥርዓት የሚሸነፍ ሰው ከውድድሩ አይወጣም፤ እስከ መጨረሻው ከአቻው ጋር ይጫወታል። እኩል መውጣት ከሌለ 32 ሰዎች በተሰለፉበት ውድድር ከአምስት ዙር በኋላ ሳይሸነፍ የሚቀር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቍጥሩ በየዙሩ ወደ 16፣ ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳልና። በሁለት ቀን አምስት ግጥሚያ መጫወት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በመቆም፣ ቀላል ድካም አይደለም። በመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች የሚታዩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከእውቀት ማነስ ሳይሆን ከእግርና ከወገብ ድካም የሚመጡ ናቸው።

የተጋጣሚዎች ዳኝነት

በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ዳኞች ይዘዋወራሉ፤ ነገር ግን የሚመጡት ሲጠሩ ነው። የቀረው ሁሉ በሁለቱ ተጋጣሚዎች እጅ ነው። ይህ እንዳይበላሽ ተጫዋቾቹ ከጊዜ ብዛት ያዳበሯቸው ልማዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሐሳብን አስቀድሞ መናገር ነው። ተጫዋቹ ምስሉን ሲያስቀምጥ፣ «ይህን ወታደር እዚህ የማቆመው ከዚያኛው መድፍ እንዳይታይ ብዬ ነው» ይላል። ተቃዋሚውም ጐንበስ ብሎ አይቶ ይስማማል፤ ወይም «በዚህ በኩል ይታየኛል፤ ጥቂት ወደ ኋላ አድርገው» ይለዋል። ስምምነቱ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ፣ ጠረጴዛው ተነቅንቆ ምስሉ ቢንሸራተት እንኳ የሚጸናው የተነገረው ቃል ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ተቃዋሚው ጠላቱን ከጥፋት የሚያድን ምክር በፈቃዱ መስጠቱ ነው። ይህን የሚያደርገውም ከደግነት ብቻ አይደለም። ነገ በእርሱ ተራ ያው ምክር እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው የዳይስ ሥርዓት ነው። ዳይስ ሁለቱም በሚያዩት ስፍራ ይጣላል። በምስል ወይም በግንብ ላይ ተደግፎ ዘንበል ያለ ዳይስ፣ ለጣዩ የሚጠቅም ቢሆንም ባይሆንም፣ እንደገና ይጣላል። ተጠራጣሪ ሰው በአንድ ዓይነት ዳይስ እንጫወት ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው እንደ ስድብ አይቈጠርም። ከተጣለም በኋላ ያልጠቀሙት ይነሡና የጠቀሙት በጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ፤ ተቃዋሚው ቆጥሮ ማረጋገጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ለአንድ ግጥሚያ የሚፈቀደው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ቀድሞ አንዳንድ ሰው በመጀመሪያው ዙር ነጥብ ካገኘ በኋላ እያዘገመ፣ ግጥሚያው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር እንዲቋረጥ ያደርግ ነበር። ይህ ዓይነቱ በደል እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ ያዘገመው በተንኰል ይሁን በጥንቃቄ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልምና። ስለዚህ ከ2010ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በታላላቅ ውድድሮች የቼዝ ሰዓት መጠቀም እየተለመደ መጣ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰዓት ተኩል ይታደለዋል። በብዙ ውድድሮች ጊዜው ያለቀበት ሰው ጦሩን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። በዚህ መንገድ የሰው ልብ ሳይመረመር ጉዳዩ ተቈረጠ። ሰዓቱ የሚጠይቀው ስንት ደቂቃ እንደ ተጠቀመ እንጂ ስለ ምን እንደ ዘገየ አይደለምና።

ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው የመርሳት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በተራው ማድረግ የሚገባውን ነገር ዘንግቶ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያስታውሰዋል። በሕጉ መሠረት ዕድሉ አልፎበታል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ተቃዋሚውን ይጠይቃል፤ ተቃዋሚውም በመካከሉ የተጣለ ዳይስ ነገሩን ካልለወጠው ይፈቅድለታል። የመጨረሻው ግጥሚያ፣ የዋንጫውም ሰዓት ሲደርስ ግን ይህ ፈቃድ ከባድ ዋጋ ይጠይቃል። ቢፈቅድ ሊሸነፍ ይችላል፤ ቢከለክል ሕግ አልጣሰም፣ ሆኖም በአዳራሹ ያሉት ሁሉ ነገሩን ይሰማሉ። በዚያ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተጫዋች ይታያል። አንደኛው «ሕጉ ለሁላችንም አንድ ነው፤ እኔም ብረሳ አልጠይቅም» ብሎ ይከለክላል፤ ሁለተኛው «በመርሳት ሳይሆን በጦር ላሸንፍህ እፈልጋለሁ» ብሎ ይፈቅዳል። ማኅበረሰቡ ሁለቱንም ያከብራል። የሚንቀው ሦስተኛውን፣ ማለት ለራሱ እየጠየቀ ለሌላው የሚከለክለውን ነው።

አጭበርባሪ የለም ማለት አይደለም። ርቀት የሚያስረዝም፣ የዳይስ ቍጥር የሚያሳስት፣ ሕግን አጣምሞ የሚያቀርብ ሰው ይገኛል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ይጀምራል፤ በብዙ ውድድሮችም እንደ እግር ኳስ ቢጫና ቀይ ካርድ ይሰጣል፤ ከዚያም ከውድድር እስከ መባረር ይደርሳል። ዛሬ የታላላቆቹ ግጥሚያዎች ምስል ወዲያውኑ ለተመልካች ስለሚተላለፍ፣ በጠረጴዛው ዳር ያላስተዋሉትን በሩቅ ያለ ሰው ይደርስበታል። ሆኖም ከአዳራሹ ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ በካሜራ አይታዩም። በእነርሱ ላይ የሚሠራው ትልቁ ቅጣት ስም ነው። ተጫዋቾቹ ዓመት ከዓመት የሚገናኙ ስለ ሆኑ፣ አንድ ጊዜ ስሙ የጠፋ ሰው በየሄደበት የሚጠብቀው በጥርጣሬ የሚለካ እያንዳንዱ ኢንች ነው።

ሽልማቱም ይህንኑ ያመለክታል። በብዙ ውድድሮች ከአሸናፊው ሌላ ጦሩን እጅግ አሳምሮ የቀባ ሰው ይሸለማል። ደግሞም ተጋጣሚዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው በጨዋነቱ የመረጡት ሰው ሽልማት አለው። በእንግሊዝ አገር በአንዳንድ ውድድር ለመጨረሻው ሰው የእንጨት ማንኪያ መስጠት የተለመደ ነው፤ ተቀባዩም በሳቅና በጭብጨባ ይቀበለዋል።

ከሰንጠረዥ ጨዋታ ጋር ያለው ተመሳሳይነት

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲህ ያለው ዳኛ የሌለበት የጦርነት ጨዋታ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ዘንድ ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ እንዲሁ የጦርነት አምሳያ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት በኢትዮጵያ የኖሩት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አጨዋወቱን ጽፈው ትተዋል፤ ጽሑፋቸውም በ1868 ታትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሥርዓቱ ሰፊ ጥናት አቅርበዋል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለ። በዚያ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ በአንድነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀምረው የመጀመሪያው ምርኮ ከተወሰደ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ተንቀሳቀሰ የሚቈጥር ዳኛ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ድል ሁሉ እኩል ክብር አልነበረውም። በብርቱዎቹ መሣሪያዎች ንጉሡን መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስከብር ነበር።

ልዩነታቸውም ግልጽ ነው። በሰንጠረዥ ዙሪያ ተመልካቾች ተቀምጠው ለሁለቱም ወገን ጮኸው ይመክሩ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ብዙውን ጊዜ የሚተዋወቁ፣ በማዕርግም ሆነ በዝምድና የተሳሰሩ ነበሩ። በአውሮፓው ውድድር የሚገናኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም ተጨባብጠው የሚለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሰንጠረዥ ዝምድናና የተመልካች ዓይን ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ በዚያ ግልጽ ዝርዝር፣ ሰዓትና አስቀድሞ የተነገረ ቃል ይሠሩታል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ በጠረጴዛው ላይ የሚፈተነው የጦር ሥልት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕጉ በየጊዜው ይታረማል፤ የምስሎቹም ዋጋ ይለዋወጣል፤ ትናንት የማይበገር የነበረው ጦር ነገ ደካማ ይሆናል። የማይለወጠው ግን ሁለት እንግዶች አንድ መለኪያ በመካከላቸው አድርገው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጉዳት ራሱ ቆጥሮ «አራት ሞቱብኝ» ብሎ በቃሉ የሚናገርበት፣ የሞቱትንም ምስሎች በገዛ እጁ ከጠረጴዛው የሚያነሣበት ሥርዓት ነው።